ርዕሰ መምህሩ ለውጥን እንዴት ይምራ? ስለ ተማሪ ውጤት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ለርዕሳነ መምህራን፣ ለምክትሎቻቸውና ለክላስተር ሱፐርቫይዘሮች የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹ በስልጠና ላይ፣ በጉድኝት ማዕከል ስብሰባና በሻይ ሰዓት ጨዋታ ደጋግመው የሚነሱ ናቸው። መልሶቹ በአብዛኛው የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ሁኔታ ይዘው የተጻፉ ቢሆንም በግል ትምህርት ቤት ያላችሁም የሚጠቅማችሁ አታጡም።

ውጤት የሚለውጠው መምህሩ ነው። ርዕሰ መምህሩ በእርግጥ ድርሻ አለው?

ትልቁ ድርሻ የመምህሩ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን መምህሩ ክፍለ ጊዜው ሳይባክንበት ማስተማር መቻሉን፣ ሲቸገር የሚያግዘው ሰው ማግኘቱን፣ ደህና ሲሠራ የሚያይለት መኖሩን የሚወስነው ርዕሰ መምህሩ ነው። አንድ መምህር የሚደርሰው የራሱን ሴክሽኖች ነው። የርዕሰ መምህሩ ውሳኔ ግን በግቢው ውስጥ ላለ ልጅ ሁሉ ይደርሳል።

በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ሰፊ የጥናቶች ዳሰሳ ይህን በቁጥር አሳይቷል። ከአማካይ በታች በሆነ ርዕሰ መምህር ምትክ ከአማካይ በላይ የሆነ ሲመጣ፣ ተማሪዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ በሒሳብ 2.9 ወር፣ በንባብ 2.7 ወር ተጨማሪ እንደተማሩ ያህል ውጤታቸው ከፍ ይላል። የአሜሪካ ትምህርት ቤት የእኛን አይመስልም፤ ቁጥሩን እንዳለ ወስደን የእኛ ነው ማለት አንችልም። ግን በአንድ ወረዳ፣ በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ የደመወዝ ስኬል የሚሠሩ ሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ውጤታቸው የሰማይና የምድር ያህል ሲራራቅ ያላየ የትምህርት ባለሙያ ያለ አይመስለኝም።

ከርዕሰ መምህሩ ብዙ ሥራዎች ውስጥ ለተማሪ ውጤት ይበልጥ የሚጠቅመው የቱ ነው?

ይህን ጥያቄ በደንብ ካጠኑት ሰዎች አንዷ የኒውዚላንዷ ተመራማሪ ቪቪያን ሮቢንሰን ናት። በ2008 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ትንተና የአመራር ሥራዎችን በአምስት ከፍላ የእያንዳንዱን ተጽዕኖ አነጻጽራለች፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን በተማሪ ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ ይበልጣል። ሥነ ሥርዓት ያለው ምቹ አካባቢ መፍጠር 0.27፣ ሀብትን በዓላማ መመደብ 0.31፣ ግልጽ ግብ ማስቀመጥ 0.42፣ ማስተማሩን ማቀድ፣ ማስተባበርና መገምገምም 0.42 አግኝተዋል። አንደኛ የወጣው፣ በ0.84፣ ርዕሰ መምህሩ በመምህራን የሙያ መማማር ውስጥ ራሱ ገብቶ አብሮ መማሩ ነው።

አብሮ መማር ማለት ስልጠናውን በንግግር ከፍቶ ወደ ቢሮ መመለስ አይደለም። በእኛ አገር መምህር በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ያደርጋል። በብዙ ቦታ ይህ 60 ሰዓት ፖርትፎሊዮ መሙያ ሆኖ ቀርቷል። ርዕሰ መምህሩ ከሒሳብ መምህራኑ ጋር ተቀምጦ «ልጆቹ ክፍልፋይ ለምን አልገባቸውም?» ብሎ ሲከራከር ግን ያው 60 ሰዓት ነፍስ ይዘራል። ሒሳብ ባያውቅም ችግር የለውም። ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱንም እነሱ ያስረዱታል።

እንደ እኔ እምነት የዚህ ሁሉ ጥያቄ እምብርት ይህ ነው፦ የርዕሰ መምህሩ ለውጥ የክፍሉን በር ካላለፈ የተማሪ ውጤት አይሆንም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ በሩን ማለፊያ መንገዶች ናቸው።

አዲስ የተመደብኩ ነኝ። ከየት ልጀምር?

ከማየት። በመጀመሪያው ወር ቢሮ ማደስ፣ ኮሚቴ ማዋቀር፣ የደንብ ልብስ ቀለም መቀየር ይፈታተንዎታል፤ ቶሎ ስለሚታይ። ይቆይ።

ጠዋት በሰልፍ ሰዓት በሩ ላይ ይቁሙ። ቀጥሎ ደግሞ ደወል ከተደወለ በኋላ መምህሩ ክፍል እስኪገባ፣ ስም እስኪጠራ፣ ጥቁር ሰሌዳው እስኪጠረግ ስንት ደቂቃ እንደሚያልፍ በሰዓትዎ ይያዙ። በቀን ስድስት ባለ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ቢኖርና ከእያንዳንዱ 8 ደቂቃ ቢባክን፣ በቀን 48 ደቂቃ፣ በሳምንት 240 ደቂቃ ይጠፋል። 240 ደቂቃ አንድ ሙሉ የትምህርት ቀን ነው። ልጆቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ እየተመላለሱ የሚማሩት አራት ቀን ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ቀን መመለስ በጀት አይጠይቅም፤ የደብዳቤ ፈቃድም አይፈልግም።

ከዚያ የሦስት ዓመት ሮስተር ያስወጡ። የትኛው ክፍል ላይ ነው ልጆች የሚደግሙት? የትኛው ላይ ነው የሚያቋርጡት? ሴቶቹ ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ ነው የሚቀንሱት? መምህራኑንም አንድ በአንድ ያነጋግሩ። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ «ተማሪዎቻችን የሚቸገሩት ምን ላይ ነው?» እና «እኔ ምን ባነሳልዎ ሥራዎ ይቃናል?»

ከወር በኋላ አንድ ግብ ይምረጡ፤ ቢበዛ ሁለት። «የተማሪዎችን ውጤት በ15 በመቶ ማሻሻል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየዕቅዱ አለ፤ ሰኞ ጠዋት ግን ለመምህሩ ምን እንደሚያደርግ አይነግረውም። «እስከ ሰኔ ድረስ የ3ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ አንድ ገጽ አንብቦ ያነበበውን በራሱ ቃል ይናገራል» የሚለው ይነግረዋል።

ውጤታችን ዝቅተኛ መሆኑን እናውቃለን። መተንተኑ ምን ይጨምርልናል?

በየመንፈቅ ዓመቱ የሚሠራው ትንተና አብዛኛውን ጊዜ «ከ50 በላይ ያመጡ፣ ከ50 በታች ያመጡ፣ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር» የሚል ሠንጠረዥ ነው። ለወረዳው ይላካል፤ ያበቃል። እሱ ማን እንደወደቀ ይናገራል፤ ለምን እንደወደቀ ግን አይናገርም።

የሚጠቅመው ትንተና በጥያቄ ደረጃ የሚሠራው ነው። በአንድ የሒሳብ ፈተና ላይ «1/2 + 1/3 ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ወጣ እንበል። ምርጫዎቹ ሀ) 5/6 ለ) 2/5 ሐ) 1/6 መ) 2/6 ናቸው። ከ60 ተማሪ 38ቱ «ለ»ን መረጡ። ስህተቱ ራሱ ይናገራል፦ ልጆቹ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረዋል። መደመር ይችላሉ፤ ታህት ምን እንደሆነ ግን አልገባቸውም። ብዙዎቹ «ሐ»ን መርጠው ቢሆን ታሪኩ ሌላ ነበር፤ ማባዛትን ከመደመር አምታተዋል ማለት ነው። ሁለቱም በማርክ ሊስቱ ላይ እኩል ዜሮ ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን ይለያያል። ለመጀመሪያው ወረቀት እያጠፈ ግማሽና ሲሶን ጎን ለጎን የሚያሳይ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ምዕራፉን እንደገና ከሀ እስከ ፐ መስጠት አያስፈልግም።

አሁን ሁለተኛውን ሴክሽን ተመልከቱ። እዚያ የተሳሳቱት 9 ልጆች ብቻ ቢሆኑ፣ የዲፓርትመንቱ ስብሰባ አጀንዳ ተገኘ፦ «አንተ እንዴት አስተማርከው?» የዚህኛው መምህር መልስ ከየትኛውም የውጭ አሰልጣኝ ይሻላል፤ በዚያው ግቢ፣ በዚያው ጠመኔ፣ እነዚያኑ መሰል ልጆች አስተምሮ ያገኘው ነውና። የርዕሰ መምህሩ ሥራ ይህ ንግግር ያለ እፍረትና ያለ ወቀሳ እንዲካሄድ ማድረግ ነው። 38ቱ የተሳሳቱበት መምህር በሰው ፊት ከተዋረደ በሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት ጥያቄዎቹን አቅልሎ ያወጣል፤ ሠንጠረዡ ያምራል፤ ልጆቹ ግን ያው ናቸው።

ክፍል ገብቼ ስመለከት መምህራን ይከፋሉ። ምን ላድርግ?

የሚከፉበት ምክንያት አላቸው። ለዓመታት የክፍል ምልከታ ማለት ቼክሊስት ይዞ ገብቶ ጥግ ላይ ቆሞ ነጥብ መስጠት፣ ነጥቡንም ለሥራ አፈጻጸም ምዘና መደመር ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን ይለያዩ። «ይህ ለመማማር ነው፤ ፋይልህ ውስጥ አይገባም» ብለው ቃል ይግቡ፤ ቃልዎንም ይጠብቁ። አንዴ ካፈረሱት ሁለተኛ የሚያምንዎት የለም።

ከዚያ ቀድመው ራስዎን ያሳዩ። ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ ካለዎት መምህራን ገብተው እንዲያዩዎት ይጋብዙ። ከሌለዎት በአንድ ሴክሽን አንድ ርዕስ ይውሰዱ። ልጆች ያልገባቸውን አስተምሮ፣ መምህራን ያዩትን እንዲነግሩት የጠየቀ ርዕሰ መምህር ወይም ርዕሰ መምህርት፣ ከዚያ ወዲያ ሌላው ክፍል ሲገባ እንደ መርማሪ አይታይም።

ሲገቡ ከኋላ ዴስክ ይቀመጡ። መምህሩን ብዙ አይዩ፤ ልጆቹን ይዩ። አጠገብዎ የተቀመጠውን ልጅ ደብተር ይገልብጡ። ኖቱ በሚያምር እጅ ጽሕፈት ተገልብጦ፣ «የክፍል ሥራ» የሚለው ርዕስ ሥር ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። ወይም መልሱ ሁሉ ትክክል ሆኖ አሠራሩ የለም፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው ነው የተቀዳው። ለሦስት ልጆች ቀስ ብለው «ዛሬ የምትማሩት ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። «ሳይንስ» ካሉ አንድ ነገር ነው፤ «ውኃ ሲፈላ የት እንደሚሄድ» ካሉ ሌላ ነው።

በዚያው ቀን ያነጋግሩት። ነገ ከሆነ ይቀዘቅዛል። ጥሩ ያዩትን በስሙ ጠርተው ይንገሩት፤ እንዲሻሻል የሚፈልጉትን ደግሞ አንድ ብቻ። አሥራ ሁለት አስተያየት የተሰጠው መምህር አንዱንም አይዝም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሰው ያቺን አንድ ነገር ብቻ ይዩ።

የአንደኛ ደረጃ ርዕሰ መምህር ነኝ። ልጆቻችን 4ኛ ክፍል ደርሰው ማንበብ አይችሉም።

ይህ በአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ያለ ችግር አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. በበርካታ ክልሎች የተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ካሳየን ጀምሮ ስንነጋገርበት የቆየ ነው። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ወደ ላይኛው ክፍል ሲያልፍ በኅብረተሰብ፣ በሳይንስ፣ በሁሉም ይወድቃል። በአንደኛ ደረጃ አንድ ግብ ብቻ ምረጥ ቢሉኝ ያለ ጥርጥር ንባብን እመርጣለሁ።

ምዘናው ቀላል ነው። ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለውን እያንዳንዱን ልጅ ለብቻ ጠርቶ አጭር አንቀጽ ለአንድ ደቂቃ ድምፅ አውጥቶ እንዲያነብ ማድረግ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ፊደል ገበታውን «ሀ ሁ ሂ» ብሎ እስከ መጨረሻው የሚወርድ ልጅ ፊደል ያውቃል ማለት አይደለም። ጣትዎን «ቂ» ላይ አድርገው «ይህስ?» ሲሉት ከ«ቀ» ጀምሮ በዜማ ቆጥሮ ካልሆነ አይደርስበትም። የሚያውቀው ዜማውን ነው። ስለዚህ ፊደሎቹን ቆራርጠው፣ አደባልቀው ይጠይቁ። ውጤቱ ብዙ መምህራንን ያስደነግጣል፤ ከመንፈቅ ዓመት በኋላ ከሚደነግጡ ግን አሁን ይሻላቸዋል።

ቀጥሎ ልጆቹን ለዚህ ሥራ ብቻ በክፍላቸው ሳይሆን በደረጃቸው ይቧድኗቸው፦ ፊደል የሚለዩ፣ ቃል የሚያነቡ፣ አንቀጽ የሚያነቡ። በቀን አንድ ሰዓት ያህል ሁሉም መምህራን በአንድ ጊዜ በየቡድኑ ያስተምራሉ። ይህ ዘዴ ፕራታም በተባለ የህንድ ድርጅት ተጀምሮ በተደጋጋሚ የተፈተሸና ውጤቱ የታየ ነው። ርዕሰ መምህሩ የሚሠራው ዋናው ነገር ፕሮግራሙን ማስተካከል ነው፤ እሱ ካላወጣው ሌላ ሊያወጣው የሚችል የለምና። ደግሞም ጠንካራውን መምህር 1ኛ ክፍል ይመድቡ። ልማዳችን ጎበዙን ለ8ኛ ክፍል ማስቀመጥ ነው፤ ክልላዊ ፈተና ስላለ። የ8ኛ ክፍል ውጤት ግን አብዛኛው የሚወሰነው 1ኛና 2ኛ ክፍል ላይ ነው።

ለውጥ የማይቀበሉ ነባር መምህራንን እንዴት ላሳምን?

መጀመሪያ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ስንት «ለውጥ» አሳልፈዋል? ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ፣ አንድ ለአምስት መጣ። እያንዳንዱ ሲመጣ ስብሰባና ፎርም ይዞ መጣ፤ ሲሄድ ግን «ቀርቷል» ያለ የለም። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው «ይሄም ያልፋል» ቢል ከተሞክሮው ነው። ሰነፍ ነው ብለው አይጻፉበት።

እንዲህ ያለውን ሰው የሚያሳምነው ንግግር ሳይሆን ሲሠራ ያየው ነገር ነው። ፈቃደኛ ከሆኑ ሁለት ወይም ሦስት መምህራን ጋር ይጀምሩ። ልጆቻቸው ሲለወጡ ወሬው በመምህራን ማረፊያ ክፍል በራሱ ይሄዳል። አዲስ ሥራ ከመጨመርዎ በፊትም አንድ አሮጌ ሥራ ያንሱ፤ በሳምንት ሁለት የነበረን ስብሰባ አንድ ያድርጉት፣ ሁለት ቦታ የሚሞላን አንድ ዓይነት ፎርም አንዱን ያስቀሩ። የኑሮውንም ነገር አይርሱት። በዛሬ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ መምህሩ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሌላ ሥራ ፍለጋ እንደሚሮጥ ያውቃሉ። ደመወዙን መጨመር አይችሉም። ጊዜውን አለማባከን ግን ይችላሉ፤ እሱም ያየዋል።

በተደጋጋሚ ክፍል የሚቀር፣ ልጆችን የሚሰድብ ወይም የሚመታ ካለ ጉዳዩ የማሳመን አይደለም። ለብቻው ይጥሩት፣ በመመሪያው ይሂዱ፣ በጽሑፍ ያድርጉት። በአንድ ሰው ጥፋት መላውን ስታፍ ሰብስቦ መቆጣት ጥፋተኛውን ያስጥላል፤ ታታሪዎቹን ያስቀይማል።

ሪፖርትና ስብሰባ ጊዜዬን ጨረሰው። ክፍል የምገባው መቼ ነው?

ከሁሉም በላይ የማዝንላችሁ በዚህ ነው። ወረዳው ይጠራል፣ ክፍለ ከተማው ይጠራል፣ «እስከ 8 ሰዓት ይላክ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይመጣል። የሚሠራው አንድ መንገድ ብቻ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፦ የክፍል ጉብኝትን በፕሮግራም ላይ እንደ ክፍለ ጊዜ መጻፍ። ለምሳሌ ማክሰኞና ሐሙስ 2ኛና 3ኛ ክፍለ ጊዜ። መምህር ክፍለ ጊዜ ሲኖረው «ክፍል ላይ ነው» ይባላል፤ ርዕሰ መምህሩም በዚያ ሰዓት «ክፍል ላይ ነው» ይባል። ጸሐፊዋም፣ ዘበኛውም፣ ወላጆችም፣ ሱፐርቫይዘሩም ይወቁት። ምክትሎች ካሉ ቢሮው ባዶ እንዳይሆን ተራ ይግቡ።

የ12ኛ ክፍል ውጤታችን እጅግ ዝቅተኛ ነው። ማካካሻ ትምህርት እየሰጠን ነው፤ ይበቃል?

ቁጥሩን እናንሳ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። መስመሩ ወደ ላይ ነው፤ ግን ከአሥር ተማሪ ዘጠኙ አሁንም ከመስመሩ በታች ነው። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ያሉ ርዕሳነ መምህራን የሚሸከሙትን ሐዘን በቅርብ አይቻለሁ።

ማካካሻና ቅዳሜ ቲቶሪያል ይረዳል፤ አይበቃም። 12ኛ ክፍል ላይ የሚሰጠው ቲቶሪያል ባለፉት ዓመታት ያልተማሩትን በጥቂት ወር ለመሙላት መሞከር ነው። ስለዚህ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሂድ። ለዘንድሮዎቹ ምዘና ሰጥቶ የጎደለውን ለይቶ ማስተማር፤ ያለፉ ዓመታት ወረቀቶችን ማሠራት ብቻውን ያልገባቸውን አያስገባቸውም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ እንግሊዝኛና ሒሳብን መያዝ። የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ በሆነበት ደረጃ፣ የባዮሎጂውን ጥያቄ ማንበብ ያቃተው ልጅ ባዮሎጂ አያውቅም ማለት አይደለም፤ ግን ይወድቃል። የባዮሎጂ መምህሩ በየትምህርቱ መጀመሪያ የዕለቱን አምስት ወሳኝ ቃላት እንዲያስተምር ማስማማት ትልቅ ነገር ይለውጣል።

ኩረጃንስ?

ኩረጃ ባለበት የትንተና ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው፤ የምትተነትኑት የተኮረጀውን ነውና። የቤት ውስጥ ፈተና ላይ ካልተዘጋ ብሔራዊ ፈተና ላይ በፖሊስ ቢጠበቅ ተማሪው ያው ባዶ ነው። ርዕሰ መምህሩ እዚህ ላይ ቀድሞ አቋሙን ማሳወቅ አለበት፦ እውነተኛ 32 ከውሸት 60 ይበልጥብኛል፣ በእውነተኛው 32 ምክንያትም መምህሩን አልቀጣም። ሁለተኛው ክፍል ከሌለ የመጀመሪያውን ማንም አያምንም።

ወላጆች ስብሰባ ሲጠሩ አይመጡም።

የሚጠሩት ለምን ነበር? አብዛኛውን ጊዜ ለመዋጮ ወይም ልጃቸው አጥፍቶ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ገንዘብ ሳይነሳ ልጃቸው ሲያነብ እንዲሰሙ ይጥሯቸው። የገበያ ቀን፣ የአጨዳ ወቅትና የቀብር ሰዓት የማይነካ ቀን በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) በኩል ይመረጥ። ያልተማረች እናት «እኔ ምን አውቃለሁ» ትላለች፤ ግን ማታ «ዛሬ ያነበብከውን አንብብልኝ» ማለት ትችላለች። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋት። የሚቀሩ ልጆችን በተመለከተ የዕድር ዳኛና የሃይማኖት አባት ከደብዳቤ ይልቅ ቶሎ ይደርሳሉ።

በጀት የለንም። ያለ ገንዘብ ለውጥ ይመጣል?

ጣሪያው የሚያፈስ ክፍል፣ መጸዳጃ የሌለው ግቢ፣ ያልበላ ልጅ ባሉበት ገንዘብ አያስፈልግም ማለት ጭካኔ ነው። ሴት ተማሪዎች በወር አበባቸው ቀናት የሚቀሩት ውኃና የሚዘጋ በር ስለሌለ ከሆነ ቀድሞ መሠራት ያለበት እሱ ነው። የድጎማ ገንዘቡ ሲመጣ «ይህ ብር የትኛውን ልጅ በምን ያሻሽለዋል?» የሚል ጥያቄ በወተመህ ፊት ይነሳ፤ ከሁለት መቶ የተረት መጻሕፍት ይልቅ ቀለምና መጋረጃ የሚያሸንፍባቸው ዓመታት በዝተዋልና። ቀሪው ግን፣ ሰዓት ማክበሩ፣ መመልከቱ፣ ማቧደኑ፣ በእውነት መፈተኑ፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

በኢንስፔክሽን ደረጃ 3 ከገባን ውጤታችን ተሻሽሏል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ኢንስፔክሽኑ በ26 ስታንዳርዶች ግብዓትን፣ ሂደትንና ውጤትን አንድ ላይ ይመዝናል። ግብዓት በማሟላት ነጥብ ከፍ ሊል ይችላል፤ ልጆቹ ግን ባሉበት ይቆያሉ። ሪፖርቱ ሲደርስዎ ከደረጃው ቁጥር በፊት መማር ማስተማሩን የሚመለከቱትን ስታንዳርዶች ያንብቡ፤ በሦስት ዓመቱ የትምህርት ቤት ማሻሻያ ዕቅድ ላይ መቅደም ያለባቸው እነሱ ናቸው።

በግጭት ምክንያት ተዘግቶ ከቆየ ትምህርት ቤት ነኝ።

በትግራይ በኮሮናና በጦርነቱ ምክንያት ልጆች ሦስት ዓመት ገደማ ሳይማሩ ቆይተዋል፤ በአማራ ክልልም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ዕድሜንና የድሮ ክፍልን ሳይሆን ልጁ አሁን የሚችለውን ይዛችሁ ጀምሩ። የ12 ዓመት ልጅ ከ7 ዓመት ልጅ ጋር 1ኛ ክፍል ሲቀመጥ ያፍራል፤ በሳምንቱ ይቀራል። የተፋጠነ ትምህርት ለብቻው ይዘጋጅለት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨዋታ፣ ሥዕል፣ መዝሙር፣ መነጋገር ቢበዛባቸው ጊዜ እንደጠፋ አትቁጠሩት። መምህራኑም ያዘኑ፣ ደመወዛቸው የዘገየ፣ ቤተሰብ ያጡ ናቸው፤ ከፎርም በፊት እነሱን እንዴት ናችሁ ማለት ይቅደም።

ውጤት ለማየት ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ሰዓት ማክበር በሳምንታት ይታያል። የታችኛ ክፍል ንባብ በአንድ መንፈቅ ዓመት። የክልላዊና የብሔራዊ ፈተና ውጤት ግን ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይጠይቃል፤ በአንድ ዓመት ከ10 ወደ 90 በመቶ ያደገ ትምህርት ቤት ቢነገርዎት ፈተናው እንዴት እንደተሰጠ ይጠይቁ።

ሥራው መስመር ሲይዝ ርዕሰ መምህሩ ይዛወራል። ምን ይደረግ?

ይህ የብዙ ትምህርት ቤት ሕመም ነው፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም ቢያንስ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ባያዛውሩ ደስ ይለኛል። እስከዚያው ግን ሥራውን በአንድ ሰው ላይ አያንጠልጥሉት። የንባብ ምዘናውን የሚመራ መምህር፣ የጥያቄ ትንተናውን የሚይዝ የዲፓርትመንት ኃላፊ፣ የክፍል ጉብኝት ፕሮግራሙን የሚያወጣ ምክትል ይኑር። ርክክብ ሲደረግም ማኅተም፣ ቁልፍና የንብረት ዝርዝር ብቻ አይሁን። የእያንዳንዱ ልጅ የንባብ ደረጃ የተጻፈበት መዝገብ፣ የትኛው መምህር ምን ሊያሻሽል እንደተስማማ፣ ከወላጆች ጋር የተገባው ቃል፣ የተሞከረውና ያልሠራው ነገር ሁሉ ተጽፎ ይሰጥ። ተተኪው ከታወቀ ደግሞ ከመሄድዎ በፊት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ይዘውት 2ኛ ክፍለ ጊዜ ላይ አብራችሁ ክፍል ግቡ።